የእቴቴን ስልክ አሻሻልኩላት፤ እሷ ግን አኮረፈችኝ

ጥያቄ፦

ሰላም እህቴ። የምጽፍልሽ ከዚሁ ከጅማ፣ ከቆጪ ሰፈር ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነው። አምና በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ አሁን ሥራ እየፈለግኩ ነው። እናቴ፣ እቴቴ ነው የምንላት፣ ሄርማታ መርካቶ ኮረሪማ፣ ማርና ቡና ትሸጣለች። እኔንም እህቴንም ያሳደገችን በዚሁ ሥራ ነው።

ስልኳ ሦስት ዓመት የሠራ አንድሮይድ ነው። ማስታወቂያ ሞልቶታል። ሶፍትዌሩ መታደስ ካቆመ ቆይቷል። የማታውቃቸው አፖች ከኋላ ሆነው ዳታዋን ይበላሉ። ይህን ባየሁ ቁጥር እናደድ ነበር። አንድ ቀን ማታ ተኝታ ሳለ ቡትሎደሩን፣ ማለትም ስልኩ ሌላ ሲስተም እንዳይቀበል የሚከለክለውን መቆለፊያ፣ ከፈትኩና ንጹህ የሆነ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሌላ ሲስተም ጫንኩላት። ቴሌግራምንና ኢሞን ትቼ ሲግናል የሚባለውን የመልእክት አፕ አስገባሁ። የጣት አሻራና ረጅም የይለፍ ቃል አደረግኩበት። ስልኩ ፈጠነ። የምሬን ነው፣ አዲስ ሆነ።

ጠዋት ስሰጣት አለቀሰች። ስልክ ቁጥሮቿ የሉም። የሟቹ አባቴ ፎቶዎች የሉም። ኤፍ ኤም ሬዲዮው የለም። የባንኩ አፕ በዚህ ስልክ አልሠራም አለ። ቤሩት ያለችው እህቴ እሑድ እሑድ በኢሞ ትደውል ነበር፤ ያለፈው እሑድ ሳይገናኙ ቀሩ። አሁን እቴቴ ከጎረቤት አሮጌ ባለቁልፍ ስልክ ተውሳ ነው የምትሠራው። እኔን ከሰላምታ በቀር አታናግረኝም።

ቁጥሮቹን አስቀድሜ ማስቀመጥ ነበረብኝ፤ ይህ ጥፋቴ ነው። ሌላው ግን አሁንም አይገባኝም። ሰው የሚጎዳውን ነገር ለምን ይመርጣል? የሚከታተለውን፣ የሚያዘገየውን፣ ማስታወቂያ የሚያጎርሰውን? እውነቱን ለመናገር ሕዝባችን ለቴክኖሎጂ ግድ የለውም። እንዴት አድርጌ ነው የማስረዳት?

መልስ፦

ወንድሜ፣ ከደብዳቤህ ውስጥ ዓይኔ ተመልሶ ተመልሶ የሚያርፈው «ተኝታ ሳለ» የሚለው ላይ ነው። ቁጥሮቹን አለማስቀመጥህን አምነሃል። ከሱ የሚቀድም ግን አለ። እናትህን አልጠየቅካቸውም።

ክፉ አስበህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለእናቱ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ የሚቀመጥ ልጅ ክፉ አያስብም። ያናደዱህ ነገሮችም እውነት ናቸው፤ ኋላ እመለስባቸዋለሁ። መጀመሪያ ግን ያ ስልክ ለእናትህ ምን ይሠራላቸው እንደነበር እንይ። ስለ ስልኩ ብዙ ጽፈህልኛል። ስለ እሳቸው ውሎ ግን አንድ መስመር ብቻ ነው ያገኘሁት።

ሄርማታ መርካቶን አውቀዋለሁ። ኮረሪማ የምገዛው ከዚያ ነው። እዚያ የምትሸጥ ሴት እጇ ባዶ ሆኖ አይቼ አላውቅም። በአንዱ ሚዛን፣ በሌላው ፌስታል። ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ፣ የጅማን ዝናብ ታውቀዋለህ፣ ሸራውን መሳብ አለ። ማር የነካው ጣት አለ። ኮረሪማ ሲፈለፍል የዋለ ጣት አለ። ስንት ዓመት ጆንያ ሲጎትት የኖረ ጣት መስመሩ ይሟሽሻል። አሻራ የሚያነበው መክፈቻ ደግሞ ደረቅና ንጹህ ጣት ይፈልጋል። የይለፍ ቃሉም ያው ነው። ደንበኛው ከፍሎ ቆሞ «ገባልሽ?» እያለ፣ ከኋላው ሌላው ወረፋ ይዞ፣ ያን ሁሉ ፊደል ማን ይጽፋል?

«ገባልሽ?» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ የመጣ ነገር ነው። ገና ልጅ ነው። እኔ ግን ዛሬ ወደ ገበያ ስወጣ ብዙ ጊዜ ጥሬ ብር አልይዝም፤ የምገዛባቸው ሴቶች በስልክ ይቀበሉኛል። ስለዚህ የእናትህ ስልክ የገንዘብ ሳጥናቸው ጭምር ነው። አንተ ማታ የከፈትከው እሱን ሳጥን ነው።

ከዚያ ደግሞ ገጠሩ አለ። ኮረሪማውን የሚያመጣው ሰው ከጌራ ወይም ከማና ይደውላል። መንገድ ላይ ነኝ ይላል፣ ዋጋ ይጠይቃል። ከሱ ጋር በኦሮምኛ፣ ከከተማው ደንበኛ ጋር በአማርኛ ይነጋገራሉ። ሁለቱንም ቋንቋ ጽፎ ከመላክ በድምፅ መላክ ይቀላል። ለዚህ ነው ብዙ እናቶች የቴሌግራምን የድምፅ መልእክት የያዙት። ጣት አንድ ቦታ ተጭኖ መናገር ብቻ ነው።

የሬዲዮውን ነገር ሳነብ በጣም አዘንኩ። ኤፍ ኤም ዳታ አይበላም። ፓኬጅ አይጠይቅም። የጆሮ ማዳመጫው ሽቦ ራሱ አንቴና ይሆናል፣ በቃ ይሠራል። ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ያ ድምፅ ጓደኛ ነው። አንተ የጫንከው ዓይነት ሲስተም ብዙ ጊዜ ኤፍ ኤሙን ይዞ አይመጣም። የሠሩት ሰዎች ክፉ ሆነው አይደለም። ሬዲዮ የሚሰማ ሰው በአሳባቸው አልመጣም ይሆናል።

ሌላም አለ፣ አንተ በሃያ አራት ዓመትህ ላታየው የምትችለው። ብዙ እናቶች አፕን በስሙ አያውቁትም። በቦታው ነው የሚያውቁት። ከታች በስተግራ ያለው ብር፣ ከሱ ቀጥሎ ያለው ልጄ፣ ከላይ ያለው መብራት። የሦስት ዓመት ልምድ ጣት ላይ ተቀምጧል። ቤትህ ገብቶ አንድ ሰው ዕቃውን ሁሉ በተሻለ መደርደሪያ ላይ ቢያሰናዳልህ ጨው ለማግኘት ስንት ቀን ይፈጅብሃል?

የራሴን ልንገርህ። አባዬ አጋሮ ነው የኖረው። ትንሽ ባለቁልፍ ስልክ ነበረው፤ ቀለሟ የለቀቀ፣ ክዳኗ በላስቲክ የታሰረ። በየሁለት ቀኑ ይደውልልኝ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ጥሩ ገንዘብ ሳገኝ አሮጌዋን ወሰድኩና ትልቅ ታች ስክሪን ገዛሁለት። ፊደሉ ጎልቶ እንዲታየው ብዬ ነው። መረቀኝ። ከዚያ መደወል አቆመ። እኔ ስደውልም ብዙ ጊዜ አያነሳም። እርጅና ነው፣ ደክሞት ነው አልኩ። ለገና ስሄድ ስልኩን ሳጥን ውስጥ በመሐረብ ተጠቅልሎ አገኘሁት። «ልጄ፣ ይሄ መስታወት ነው፤ ጣቴ የሚይዘው የለም» አለኝ። ለካ ዓይኑ ከደከመ ቆይቶ ነበር። በቁልፎቹ መሐል 5 ቁጥር ላይ ያለችውን ትንሽ እብጠት በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ፣ ከሷ ላይ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እየቆጠረ ነበር የሚደውልልኝ። እኔ የወሰድኩበት ያቺን እብጠት ነው። አልጠየቅኩትም። ብጠይቀው በአንድ ደቂቃ ይነግረኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሌላ ባለቁልፍ ገዛሁለትና እንደገና መደወል ጀመረ፤ ያለፉትን ወራት ግን አላገኘኋቸውም።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ሰው የሚጎዳውን ለምን ይመርጣል አልከኝ።

እናትህ ማስታወቂያውን የሚወዱት አይመስለኝም። ጠይቃቸው፣ ያማርራሉ። ግን ምን እንደሚያስከፍላቸው ያውቁታል። ብቅ ይላል፣ ይዘጉታል፣ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። የለመዱት ጉዳት ነው። አንተ ያመጣኸው ግን ምን እንደሚያስከፍል የነገራቸው የለም። ጠዋት ተነስተው ነው ሒሳቡን ያዩት። በዕለት ገቢ የሚኖር ሰው ነገ የሚመጣን ጥቅም ብሎ የዛሬን ገበያ አያጎድልም። ይህን ግድየለሽነት አልለውም። እንዲያውም ካንተ የበለጠ የተጠነቀቁት እሳቸው ናቸው።

ደግሞ አንተ የምትወደው ዓለም ራሱ ከየት እንደመጣ አስታውስ። የነፃ ሶፍትዌር እንቅስቃሴን የጀመረው ሪቻርድ ስቶልማን በአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ በሚሠራበት ጊዜ የቤተ ሙከራው ማተሚያ ወረቀት እየነከሰ ያስቸግራቸው ነበር። ማተሚያው ሌላ ፎቅ ላይ ነው። ሰው ወጥቶ ሲያይ ሥራው ገና ድሮ ቆሟል። ስቶልማን ፕሮግራሙን አስተካከለና ወረቀት ሲነክስ ለሚጠብቁት ሰዎች መልእክት እንዲልክ አደረገ። ቆይቶ አዲስ ማተሚያ መጣ። የአዲሱ ማተሚያ ፕሮግራም ግን ኮዱ ተዘግቶ ነው የመጣው፤ ማንም ሊያስተካክለው አልቻለም። ኮዱ ያለውን ሰው ቢጠይቅ ቃል ገብቻለሁ ብሎ ከለከለው። ይህን ታሪክ ራሱ ደጋግሞ ይናገረዋል። እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የተባለውን፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሲስተም የመሥራት ፕሮጀክት ይፋ ሲያደርግ ከኋላው ያ ንዴት ነበር። አየህ፣ ያ ትልቅ ሐሳብ የተወለደው ሥራው ከቆመበት ሰው ነው። ወረቀቴ ለምን አይወጣም ከሚል ሰው። እናትህም የሚሉት ያንኑ ነው፤ ሥራዬን ለምን አቆምክብኝ ነው የሚሉህ።

አንድ ነገር ደግሞ ላስታውስህ። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ የጀመረው፣ ኮዱ ክፍት የሆነው ሊኑክስ የአንድሮይድ ሁሉ መሠረት ነው። ስለዚህ እናትህ ሦስት ዓመት ሙሉ ሊኑክስ ሲጠቀሙ ኖረዋል። ማንም ስለ ነፃነትና ስለ ኮድ አላስተማራቸውም። ሥራቸውን ስለሠራላቸው ወሰዱት። ፊደላችንንም እይ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት የጋራ ቁጥር በሚሰጠው መዝገብ ውስጥ፣ ገብቶ እስኪለመድ ድረስ አንዱ ጋ የተጻፈ አማርኛ ሌላው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። እኔ ያን ጊዜ አስታውሰዋለሁ። ቢሮ ለቢሮ ደብዳቤ በፍላሽ ስትወስድ ፎንቱንም አብረህ ትወስዳለህ። ፊደላችን አንድ ቁጥር ይኑረው ብለው የለፉ ሰዎች አንተን ይመስሉኛል፤ ሌላው ሰው ገና ያልታየውን ነገር አይተው እንቅልፍ ያጡ። ዛሬ አንተም ደብዳቤህን በአማርኛ ጽፈህ ላክህልኝ፤ እኔም ያለ ችግር አነበብኩት። ስለዚህ ቁጭትህን ተው አልልህም። ቁጭትህን እፈልገዋለሁ። እነሱ ግን የማንንም ስልክ ማታ አልከፈቱም። ሥራውን ከታች ሠርተው ሰው ከለመደው ነገር ሳይወጣ እንዲያገኘው አደረጉ።

«ሕዝባችን ለቴክኖሎጂ ግድ የለውም» ያልከውን ግን አልቀበለውም። አንድ ቀን መርካቶ ስልክ ቤቶቹ ጋ ቁምና የሚገዛውን ሰው ጥያቄ ስማ። ባትሪው ስንት ቀን ይይዛል? ስንት ሲም ይወስዳል? ሚሞሪ ይቀበላል? ስክሪኑ ቢሰበር መለዋወጫ አለው? የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አለው? መብራት ሲሄድ እንዳይዘጋበት ነው ባትሪውን የሚጠይቀው። ትናንት ስክሪን አሠርቶ የከፈለውን ስለሚያውቅ ነው መለዋወጫውን የሚጠይቀው። እነዚህ የሚያስብ ሰው ጥያቄዎች ናቸው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 ከአይፎን 7 ላይ ቀዳዳዋን ሲያወጣት ስንት ባለሙያ ተከራከረበት። የኛ ሰው ክርክሩን አልሰማም ይሆናል፤ መልሱን ግን ድሮ ሰጥቶታል። የአውሮፓ ኅብረትም የስልክ ባትሪ በተጠቃሚው እጅ በቀላሉ እንዲቀየር የሚያዝ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2023 አውጥቷል፤ ከ2027 ጀምሮ ይሠራል። እዚህ መርካቶ ትንሽ ጠረጴዛ ይዞ በርጩማ ላይ የተቀመጠው ጠጋኝ ይህን ሐሳብ በየቀኑ በእጁ ይሠራዋል። የሚሠራውን ዕቃ አትጣል፣ አስተካክለው። አንተም የምትለው ይህንኑ አይደል? እንግዲህ ከሕዝብህ ጋር የምትስማማበት ነገር ከምታስበው በላይ ነው።

አሁን ወደ ሥራ እንግባ።

መጀመሪያ ይቅርታ። ቡና ሲፈላ፣ ሌላ ሰው ሳይኖር። «ይቅርታ እቴቴ፣ ሳልጠይቅሽ ነካሁብሽ» በል። «ለጥቅምሽ ብዬ ነው» የምትለዋን አትጨምር፤ እሷ ይቅርታውን ትበላዋለች። ስለ ቡትሎደርም አታብራራ። ከዚያ ዝም በልና ስማቸው። ምናልባት ያለቀሱት ለቁጥሮቹ ላይሆን ይችላል። የአባትህን ፎቶ እስካሁን በማን ስልክ አይተው እንደሚያውቁ ጠይቃቸው።

ፎቶውን ለማግኘት የሚቻለውን ሁሉ ሞክር። ቡትሎደር ሲከፈት የሚጠፋው የስልኩ የራሱ ማስቀመጫ ነው። ሚሞሪ ካርድ ነበረው? ካርዱ ላይ የነበረ ብዙውን ጊዜ አይነካም፤ ሌላ ነገር ሳትጭንበት አውጥተህ እየው። ጉግል አካውንት ከነበራቸው ፎቶውም ቁጥሩም እዚያ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ግባና ተመልከት። የሲሞቹንም ቁጥር መዝገብ ክፈት፤ ድሮ የያዟቸው እዚያ ሊገኙ ይችላሉ። እህትህ ጋ ደውል። የላኩላት ፎቶ እሷ ጋ አለ። አክስቶችህን፣ የአባትህን ጓደኞች ጠይቅ። ይህን ስትለምን መዋልህን እናትህ ሲያዩ የሚሰማቸውን እኔ ከምነግርህ ራስህ ታየዋለህ።

ቴሌግራሙን በዚያው ቁጥር መልሰህ ክፈተው። የቴሌግራም ተራ መልእክት የሚቀመጠው በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ነው። ሲግናል ሁሉንም መልእክት ከላኪው እስከ ተቀባዩ ቆልፎ እንደሚያደርስ፣ ቴሌግራም ግን ይህን የሚያደርገው በሚስጥራዊ ውይይቱ ብቻ እንደሆነ ታውቃለህ፤ የተቆጣኸውም ለዚህ ነው። ልክ ነህ። ነገር ግን በዚያው ምክንያት የእናትህ የድምፅ መልእክቶች እስካሁን እዚያ አሉ። ስልክ ገበያ ላይ ለሚሰረቅበት፣ ውሃ ለሚገባበት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሚስጥሩ ቢላላም ድምፁ አልጠፋም። የትኛው እንደሚበልጥባቸው የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። አንተ ልዩነቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገራቸውና ተዋቸው።

ስልኩን ወደ ፋብሪካው ሶፍትዌር መልሰው። የባንክ አፕ እምቢ የሚለው ሲስተሙ ተነክቷል ብሎ ስለሚያይ ነው፤ ብዙዎቹ የተነካ ስልክ ላይ አይከፈቱም። ትክክለኛውን ሶፍትዌር፣ የዚያኑ ሞዴል፣ ሙሉ በሙሉ ከጫንክ በኋላ ነው ቡትሎደሩን የምትቆልፈው። ያንተ ሲስተም ላዩ ላይ እያለ ከቆለፍከው ስልኩ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። እርግጠኛ ካልሆንክ መርካቶ ፍላሽ የሚያደርግ፣ ማለትም የስልክ ሶፍትዌር የሚጭን፣ ልምድ ያለው ሰው ጋ ውሰደው። ተመራቂ ነኝ ብለህ አትፈር። እስከዚያ ድረስ ደግሞ በተዋሱት ባለቁልፍ ስልክ *127# እያሉ ቴሌብራቸውን መሥራት ይችላሉ፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። ሲሙ ብቻ እዚያ ስልክ ውስጥ ይሁን። ይህን ዛሬውኑ አሳያቸው። ገበያ የቆመባቸው ቀን ይበቃል።

ከዚያ አንድ ሙሉ ቀን ገበያ አብረሃቸው ዋል። ማክሰኞ ይሁን ሐሙስ፣ ሥራ የሚበዛበትን ቀን እሳቸው ይንገሩህ። ጆንያ አንሳላቸው። ስልኩን አትንካ፣ ብቻ እይ። ስንቴ አነሱት? በየትኛው እጅ? ምን ሲያደርጉ ነው ፊታቸው የሚጠቁረው? እኔ የምገምተው አንዱ የሚያናድዳቸው ነገር አንተን ከሚያናድድህ ጋር አንድ ይሆናል። ሒሳብ ሊያዩ ሲሉ ማስታወቂያ ስክሪኑን ሲሸፍነው፣ ወይ ጠዋት የገዙት ፓኬጅ ከሰዓት በፊት ሲያልቅ። ያኔ ነው ያንተ ትምህርት የሚያስፈልገው። «እቴቴ፣ ይሄን ላቁምልሽ?» ብለህ ጠይቅ። እሺ ካሉ የዚያን አፕ ማሳወቂያ ዝጋ፣ ከኋላ ሆኖ ዳታ እንዳይበላ ከልክለው። ይህ ሁሉ ሲስተም ሳይቀየር ከሴቲንጉ ውስጥ ይሠራል፣ ታውቀዋለህ። በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ። ካልወደዱት መልሰው።

አንድ ነገር ላይ ግን ሳትሰለች ደጋግመህ ንገራቸው። «ከቴሌ ነው የምንደውለው፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩን» የሚል ስልክ። በዚህ ስንት ሰው እንደተዘረፈ ሁላችንም ሰፈር ውስጥ እናውቃለን። ረጅም የይለፍ ቃል ከዚህ አያድንም፤ ሰውየው ቁጥሩን የሚወስደው ከራሳቸው አፍ ነው። ይህንን በቃላቸው አስይዛቸው፤ የሚስጥር ቁጥር ለማንም አይነገርም፣ ለባንክም፣ ለቴሌም፣ ለኔ ለልጅሽም። ካንተ ጋር ተለማመዱት። አንተ እንደ ሌባ ደውል፣ እሳቸው ይዝጉብህ። የስክሪን መቆለፊያም ከፈለጉ በማር እጅ የሚከፈት አጭር ቁጥር ይበቃቸዋል፤ ቴሌብሩ የራሱ የሚስጥር ቁጥር አለው። ቁጥሮቻቸውን ደግሞ በደብተር ጻፍላቸው። የዱቤ ደብተራቸው ኋላ ገጽ ላይ፣ በትልቁ። ወረቀት ቻርጅ አይጠይቅም።

ሲግናልን ያንተ ስልክ ላይ ተወው። እህትህ ከፈለገች ከሷ ጋር ተጠቀሙበት። ግን አንድ ሰው ብቻ ያለበት መገናኛ ምን ያደርጋል? እህትህ ኢሞን የመረጠችው በደካማ መስመር ስለሚደርስላትና እናትህም እዚያ ስላሉ ይሆናል። ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ከሆነች ደግሞ ለመደወል ያላት ሰዓት ልክ አለው። ያን ሰዓት አዲስ ነገር በመማር አታስጨርሳቸው።

ሥራ እየፈለግኩ ነው ስላልከኝ አንድ ነገር ልበልህ። ከእናትህ ጎን የሚሸጡት ሴቶችም ያው ማስታወቂያ፣ ያው ዳታ፣ ያው የሌባ ስልክ ነው ያለባቸው። ቁጥራቸውን የሚያስቀምጥላቸው፣ ዳታ የሚበላውን የሚዘጋላቸው፣ ስልክ ሲቀይሩ ሁሉንም ወደ አዲሱ በየቦታው የሚያዛውርላቸው ሰው ቢኖር የሚከፍሉ ይመስለኛል። በኦሮምኛም በአማርኛም ማስረዳት ትችላለህ። ከኮዱ ዓለምም መውጣት የለብህም። ክፍት ሶፍትዌሮች በሁለቱም ቋንቋ ተርጓሚ ይፈልጋሉ፤ የሚከብደውን የእንግሊዝኛ ቃል እናትህ ምን ብለው እንደሚጠሩት ጠይቀህ ጻፈው። ያን ጊዜ የምትወደው ነገር ገበያ ውስጥ የሚገባ ቃል ያገኛል።

ዛሬ ሐሙስ ነው፤ መልሴን አርብ ታነበዋለህ ብዬ አስባለሁ። እህትህ እሑድ ነው የምትደውለው። ቅዳሜ ማታ ስልኩ ተስተካክሎ አልቆ፣ ኢሞው ተጭኖ ይድረስልህ። ድሮ በነበረበት ቦታ አስቀምጠው። የት እንደነበር ካላስታወስክ እናትህን ጠይቃቸው፤ በጣታቸው ያሳዩሃል።